ደብተሩም አብሮ ይሸጣል?

ወፍጮ ቤት ሲሸጥ የሚሸጠው ምንድን ነው? ሞተሩ፣ ድንጋዩ፣ ሚዛኑ፣ ቆርቆሮው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ግን አልጨረሳችሁም። በእኛ አገር፣ በፈረስ ቤት፣ በገበያ ቀን ማለዳ ከደጋ ዳሞት ቀበሌዎች ገብሱንና ስንዴውን በአህያ ጭኖ የሚመጣ ሰው እህሉን ወፍጮ ቤት ያራግፍና ባለወፍጮውን «አደራ» ብሎት ወደ ገበያው ይሄዳል። ጨው ይገዛል፣ ዘመድ ይጠይቃል፣ አንዳንዱም ጠላ ቤት ጎራ ማለቱ አይቀርም። ከሰዓት ተመልሶ ዱቄቱን ጭኖ ወደ አገሩ ይመለሳል። ቤቱ ገብቶ ዳግመኛ የሚመዝን የለም። ይህ ዳግመኛ ያለመመዘን ነገር ዋጋ አለው። ወፍጮውን የሚገዛ ሰው ይህንንም ጨምሮ ነው የሚገዛው፤ አንዳንዴም ከሞተሩ ይልቅ ይኸኛው ይወደዳል።

ሕጋችንም ይህን ያውቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ (በ2013 ዓ.ም. በአዲስ እስኪተካ ድረስ ስድሳ ዓመት ያህል የተዳደርንበት ማለቴ ነው) የንግድ መደብር የሚባለው ነገር ከምን ከምን እንደሚቋቋም ሲዘረዝር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው መልካም ዝናን ነው። ጠረጴዛና መደርደሪያው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ደንበኛ ወደ አንድ ደጅ የመምጣት ልማዱ ራሱ ንብረት ነው፤ ይሸጣል፣ ይገዛል። በዚህ ማንም ቅር አይለውም።

ነገር ግን ሽያጩ በተፈረመበት ቀን ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ተራውን የሚጠብቅ ሃያ ጆንያ እህል ቢኖርስ? እሱም አብሮ ይሸጣል? እንዴት ተደርጎ! ባለወፍጮው የደንበኛውን ልማድ መሸጥ ይችላል፤ የደንበኛውን እህል ግን አይችልም። ልማዱን ያፈራው የራሱ ጥረት ነው፣ እህሉ አደራ ነው። ይህን ለመለየት ፍልስፍና መማር አያስፈልግም። እኔን ሰሞኑን ሲያብሰለስለኝ የከረመው ግን ልማዱና እህሉ ተቀላቅለው አልለይ ሲሉ ምን ይደረጋል የሚለው ነው።

እንዴት ይቀላቀላሉ? ለምሳሌ ሞባይል ቤት እንግባ።

ፍኖተ ሰላም ብትሉ፣ ቡሬ ብትሉ፣ ደምበጫ ብትሉ፣ ወደ ደጋው ወጥታችሁ ፈረስ ቤት ብትደርሱ፣ ሞባይል ቤት የሌለው ከተማ አታገኙም። ሥራው ስልክ መጠገን፣ ሽፋንና ቻርጀር መሸጥ፣ ዘፈንና መዝሙር መጫን ነው ይባላል። ዋናው ሥራ ግን ሌላ ነው። አንዲት እናት ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጣሉ። ልጃቸው ዓረብ አገር ናት፤ መልኳን እያዩ ማውራት ይፈልጋሉ። ልጁ ኢሞ ይጭንላቸዋል፣ ፌስቡክ ይከፍትላቸዋል፣ ቴሌብር ያስመዘግባቸዋል። የይለፍ ቃሉን ማን ያስታውሰው? «አንተው ጋ ይቀመጥ ልጄ» ይላሉ። እሱም ደብተር አለው፤ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የይለፍ ቃል። የከተማው እኩሌታ ቁልፍ በአንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ውስጥ ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። (ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሲመለስ፣ የይለፍ ቃሉን የረሳ ሁሉ መጀመሪያ የሮጠው ወደዚያ ደብተር ነበር።)

እንግዲህ ይህ ልጅ ሱቁን ሸጦ አዲስ አበባ ሊገባ አሰበ እንበል። መደርደሪያው፣ መበየጃው፣ የቤት ኪራዩ ውል ይሸጣል። ደብተሩስ? ገዢው «ሰዉ የሚመጣው እኮ ለደብተሩ ሲል ነው፤ ያለ ደብተሩ ሱቁ ባዶ ነው» ቢልስ? እውነቱን ነው። ደብተሩ የልማዱ ምክንያት ነው፤ ደግሞም ደብተሩ እህሉ ራሱ ነው። እዚህ ላይ ነው የሚቀላቀሉት።

ይህን ሁሉ መንደርደሪያ ያበዛሁት ብዙዎቻችን በየቀኑ እየተጠቀምንበት ስሙን ወደማንጠራው አንድ ነገር ለመድረስ ነው። ኢንተርኔት የምንከፍትበት ብራውዘር የሚባለው ፕሮግራም ላይ የሚቀጠሉ ኤክስቴንሽን የሚሏቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ። እኔ ቅጥያ ልበላቸው። ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ቃሉ ሰዋስው ያስታውሰኛል፤ «ቤት» ላይ አንዲት ቅጥያ ጨምሩ፣ «ቤቴ» ይሆናል። ቅጥያዋን ለውጧት፣ «ቤትህ» ይሆናል። ግድግዳው አልተነካም፣ ጣሪያው አልተነካም፤ ባለቤቱ ግን ተለወጠ። የብራውዘሩም ቅጥያ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሥራቸው ቀላል ነው። አንዱ ማስታወቂያ ይከለክላል፣ አንዱ ለዓይን እንዲመች ገጹን ያጨልማል፣ አንዱ በላቲን ፊደል ስትመቱ በግዕዝ ፊደል ይጽፍላችኋል። ክሮም ላይ መጫን ደቂቃ አይፈጅም። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ግን ክሮም አንድ ነገር ይነግራችኋል፤ ብዙዎቹ ቅጥያዎች በምትከፍቷቸው ድረ ገጾች ሁሉ ላይ ያለውን መረጃችሁን ማንበብና መለወጥ እንደሚችሉ። «ሁሉ» ነው የሚለው። ባንካችሁ፣ ኢሜይላችሁ፣ ካናዳ ካለው ወንድማችሁ ጋር የምትጻጻፉት። እሺ ብለን እናልፋለን። ምን እናድርግ? በየገጹ መግባት ካልተፈቀደለት በየገጹ ፊደል ሊያስጽፈን አይችልም። ቅጥያ ሠሪው ተንኮል ኖሮት አይደለም፤ ያለ ደብተሩ ሥራው አይሠራም።

ሁለተኛውን ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ። ቅጥያ አንዴ ከተጫነ ራሱን በራሱ ያድሳል። ሠሪው ዛሬ ማታ አዲስ እትም ቢያወጣ ነገ እናንተ ኮምፒውተር ላይ ነው። ከቀድሞው የበለጠ ፈቃድ እስካልፈለገ ድረስ የሚጠይቃችሁም የሚነግራችሁም የለም። ስለዚህ ቅጥያው ቢሸጥ ገዢው የቀድሞውን ፈቃድ እንዳለ ይወርሳል። «ቤቴ» ማለት ቀርቶ «ቤትህ» ሲባል ቤት ውስጥ የተቀመጥነው ሰዎች ወሬውን አልሰማንም።

እና ይሸጣሉ። አንድ ሰው ያለ ቢሮ፣ ያለ ሠራተኛ፣ ማታ ማታ ተቀምጦ የሚሠራቸው አነስተኛ ንግዶች ናቸው። እንደ ፍሊፓ ያሉ፣ ድረ ገጽና ትንንሽ ፕሮግራም እንደ ከብት ተራ ቆሞ የሚሸጥባቸው ገበያዎች አሉ። ገበያው ከቀና ዋጋው የሚያዞር ነው፤ ሃኒ የተባለውን፣ ዕቃ ለሚገዙ ሰዎች የቅናሽ ኩፖን የሚያፈላልግ ቅጥያ ፔይፓል በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚገዛው እ.ኤ.አ. በ2019 አስታውቆ ነበር። ያ ግን የሎተሪ ዕጣ ነው። የአብዛኛው ታሪክ እንደ አሚት አጋርዋል ነው።

አጋርዋል ስለ ኮምፒውተር የሚጽፍ ሕንዳዊ ነው። ያገኙትን ድረ ገጽ ወደ ንባብ ዝርዝር የሚጨምር ቅጥያ ሠራ፤ ሥራው የአንድ ሰዓት ነበር። ከሠላሳ ሺህ የሚበልጥ ሰው ጫነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የማያውቁት ሰው በኢሜይል መጡና ልግዛህ አሉት፤ ዋጋው አራት አኃዝ ያለው ዶላር ነው። ለአንድ ሰዓት ሥራ! ሸጠ። ብዙም ሳይቆይ ገዢው እትሙን አደሰ፤ ሰዎች በሚከፍቷቸው ገጾች ላይ የማያውቁት ማስታወቂያ ይበቅል ጀመር። ሠላሳ ሺህ ሰው ምን እንደነካው አያውቅም፤ የሚያውቀው ቅጥያው ትናንት ደህና እንደነበረ ብቻ ነው። አጋርዋል በ2014 መጀመሪያ ታሪኩን ራሱ ጻፈው፤ መሸጡ እንዳስቆጨውም አልደበቀም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ዘ ግሬት ሰስፔንደር የተባለው ነው። ሃያና ሠላሳ ገጽ አንድ ላይ የሚከፍቱ ሰዎች (እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ) ኮምፒውተራቸው እንዳይጨነቅ ሥራ የፈቱትን ገጾች የሚያስተኛ ቅጥያ ነበር። ከ2 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ነበረው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ሠሪው ማንነቱ ላልተገለጸ ገዢ አስረከበው። በየካቲት 2021 ጉግል ጎጂ ኮድ ይዟል ብሎ ከገበያው አወጣው፤ በየሰዉ ኮምፒውተር ላይም አሰናከለው። በመካከሉ ባሉት ወራት ምን እንደተነበበ የሚያውቀው ያነበበው ብቻ ነው።

እነዚህን ሻጮች ክፉ ሰዎች ናቸው ለማለት አልደፍርም። ለዓመታት በነጻ አገልግለዋል። ግን አንድ ቀላል ነገር መጠየቅ ነበረባቸው፤ ከብት ተራ የዋለ ማንኛውም የጎጃም ገበሬ የሚጠይቀውን። ላሚቱ አትታለብም፣ ጥጃ አልወለደችም፤ ገዢው ግን ዋጋውን ሳይከራከር ይከፍላል። ምን ሊያደርጋት ነው? መልሱ ሥጋዋን ነው። ቅጥያው ገቢ የለውም፣ ማንም አይከፍልበትም፤ ገዢው ግን የተጠቃሚውን ቁጥር ብቻ ጠይቆ ለያንዳንዱ ራስ ዋጋ ያወጣል። ምን ሊያደርጋቸው ነው? ጥያቄው ኮምፒውተር ማወቅ አይፈልግም።

ሽያጭ ሁሉ ክህደት ነው ወደማለት እንዳልሄድ የሚያግደኝ ደግሞ ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት መሣሪያ ነው። ኪማን ይባላል፤ ብዙ አማርኛ ጸሐፊ ያውቀዋል። ማርክ ዱርዲን የተባለ አውስትራሊያዊ ገና ልጅ እያለ እ.ኤ.አ. በ1993 ለላኦ ቋንቋ መጻፊያ ብሎ የጀመረው ነው፤ ኋላ የእኛን ፊደል ጨምሮ የብዙ ቋንቋዎች መጻፊያ ሆነ። የአነስተኛ ድርጅት ሥራ ነበር፤ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤስ.አይ.ኤል. የተባለው በቋንቋዎች ላይ የሚሠራ ድርጅት ወሰደው፤ ቀጥሎም በነጻ የሚታደል፣ ኮዱም ለሁሉ የተከፈተ አደረገው። እንግዲህ አስቡት፤ የመጻፊያ መሣሪያ ከቅጥያም የባሰ ነው፤ የምመታትን እያንዳንዷን ፊደል ያያል። ባለቤት ለወጠ። ማንም አልተጎዳም። ለምን? ርክክቡ በአደባባይ ሆነ፤ ተቀባዩ ስም አለው፤ የሚፈልገውም ነገር ይታወቃል።

ገንዘቡም አይደለም ነገሩን የሚያበላሸው። ዩብሎክ የሚባለውን የማስታወቂያ መከልከያ የሠራው ሬይመንድ ሂል ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2015 ሳይሸጥ፣ እንዲያው በደከመው ሰዓት፣ ለሌላ ሰው አስረከበ። ርክክቡ እንዳሰበው አልሆነም፤ ወዲያው ዩብሎክ ኦሪጅን ብሎ የራሱን ቅጂ ይዞ ተመለሰ። ከተጠቃሚ መዋጮ እንኳ አይቀበልም። የቀድሞው ስም ግን እጅ ሲለውጥ ቆይቶ በ2018 ወደ ሌላ የማስታወቂያ መከልከያ ባለቤቶች ገባ። አሥር ሳንቲም ያልተከፈለበት ርክክብም ለማን የሚለውን ጥያቄ አያመልጥም። አማርኛችን ለዚህ ሁለት ቃል አለው። ዕቃ ይሸጣል፤ አደራ ይረከባል። አደራ ሲረካከቡ ሦስተኛ ሰው ይኖራል፤ ባለአደራው፣ ተረካቢው፣ እና የአደራው ባለቤት። ሽያጭ ሁለት ሰው ይበቃዋል። ችግሩ ሦስተኛው ሰው ሳይጠራ የተደረገ ርክክብ ሽያጭ የሚል ስም ማግኘቱ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሰው ልምጣ። የፈረስ ቤት ልጅ ነው፤ አባቱን አውቃቸዋለሁ፤ ስሙን አልጽፍም። ተማሪ እያለ ሞባይል ቤት ይሠራ ነበር፤ ያን ዓይነቱን ደብተር በእጁ ጽፏል። ባሕር ዳር ተምሮ አሁን አዲስ አበባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ማታ ማታ ሁለት ነገር የሚሠራ ቅጥያ ሠራ፤ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን ወደ እኛው ቀን ይመልሳል፣ በግዕዝ ፊደልም ያስጽፋል። ጉግል ገበያው ላይ ለመመዝገብ አንድ ጊዜ የሚከፈል 5 ዶላር ይጠይቃል። አምስት ዶላር ለምኖም ይገኛል፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ ነው ቸግሮት የሰነበተው። በመጨረሻ አሜሪካ ያለች አክስቱ ከፈለችለት። ጥቂት ሺህ ሰው ጫነው፤ አብዛኛው እዚሁ አገር ያለ፣ የቀረው ውጭ ያለ ወገን ነው። ገቢው? ባዶ። ጉግል ራሱ ቅጥያ በክፍያ የሚሸጥበትን የራሱን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2020 መገባደጃ ላይ መዝጋት ጀምሮ በ2021 ጨርሶታል።

አንድ ቅዳሜ መጣና «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት» አለኝ። ኢሜይሉን አሳየኝ። ቅጥያህን እንወደዋለን፣ እንገዛሃለን፣ ይህን ያህል ዶላር፤ የተጠቃሚው ቁጥር ከዚህ በታች ካልሆነ። ገንዘቡ ከአንድ ዓመት የቤት ኪራዩ ይበልጣል። መጨረሻው ላይ አንዲት መስመር አለች፤ ርክክቡን ለተጠቃሚዎች ማሳወቅ አያስፈልግም።

«ማን ነው ይሄ ሰው?» አልኩት።

«ስም አለው። ስሙ ግን አይመስለኝም።»

«እና?»

«እና ጋሼ… እኔ እኮ የምሸጠው ሥራዬን ነው፣ ሰዉን አይደለም። ከፍሎኝ የሚያውቅ የለም። ሲበላሽ ብቻ ነው የሚያስታውሱኝ፣ እሱም በስድብ። አባቴ ደግሞ ዓይናቸው ሞራ ጋርዶታል፤ ያውቃሉ።»

አውቃለሁ። ለዚህ ልጅ አደራ ምንድን ነው ብሎ ስብከት መጀመር ነውር ይሆንብኛል። ደግሞም ግማሽ እውነት አለው። የእኛን ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ ያስገቡ ሰዎች ታሪክ እኮ ያልተከፈለ የሥራ ታሪክ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታ እስኪያገኝ፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ አሠራር ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የጉንዳን ሰልፍ ነበር የሚመስለው። ያንን ለመሥራት ሰዎች ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል። ሥራቸው ግን በየቢሮው ሲዲ እየተቀባበለ ይገለበጥ ነበር። ዛሬም ጠይቁ፤ ለሚጽፍበት ፊደል ሳንቲም ከፍሎ የሚያውቅ ከመቶ ሰው ስንት ይገኛል? የፊደል መጻፊያን እንደ ዝናብ ውሃ ነው የምናየው። እንግዲህ ያልከፈለ ሕዝብ «ለምን ሸጥከኝ» ሊል መብት አለው ወይ?

ብዙ ቀን ተመላለሰብኝ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ፤ የማትስማሙ ትኖራላችሁ። ያልተከፈለበት መሆኑ አደራነቱን አይቀንሰውም። እንዲያውም ገንዘብ ሲከፈልበት ስሙ ይለወጣል፤ መጋዘን ኪራይ ይሆናል፣ ጥበቃ ይሆናል፣ ደመወዝ ይሆናል። ጎረቤት እንስራዋን አስቀምጣ ወደ ወላድ ጥየቃ ስትሄድ የምትከፍለው የለም፤ ለዚያ ነው አደራ የሚባለው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የተባለውም ምስክርና ደረሰኝ የሌለበት ነገር ስለሆነ ነው። ደረሰኝ ያለውንማ ፍርድ ቤት ይጠብቀዋል። ልጁ ደመወዙን ሊጠይቅ ይችላል፤ መጠየቅም አለበት። ያልተከፈለውን ደመወዝ ግን ከጆንያው ዘግኖ ማካካስ አይችልም።

ሌላም ክርክር ሰምቻለሁ፤ አሁን ሕግ አለ የሚል። አዎ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ይሁን፣ ጥሩ ነው። ግን ስሙ ስሙ ያልሆነ ገዢ፣ የት እንዳለ በማይታወቅ አገር ተቀምጦ፣ ዳንግላ የምትኖር መምህርት የጻፈችውን ቢያነብ አዋጁ በየት በኩል ይደርስበታል? ሕጉ የሚያገኘው ሻጩን ነው፤ እሱም የሸጠው ኮድ ነው፣ ኮዱም ንጹሕ ነበር።

ታዲያ ባለቅጥያ አይሽጥ? ይሽጥ እንጂ! ሰው ይደክመዋል፣ ይታመማል፣ ያገባል፣ ይሰደዳል። ዘላለም በነጻ ተቀምጠህ አገልግል የሚል ፍርድ የለም። ሊዘጋውም ይችላል፤ ደብተሩን ያቃጥላል ማለት ነው። ሊሸጠው ከፈለገ ግን የወፍጮ ቤቱን ሥርዓት ይከተል። ወፍጮው ሊሸጥ ነው፤ ገዢው እገሌ ነው፤ እህል ያላችሁ ኑና ውሰዱ፤ ከእሱ ጋር የምትቀጥሉ ቀጥሉ። በቅጥያ ቋንቋ ደግሞ፣ የገዢው ስም ገጹ ላይ ይጻፍ፤ ለሁለት ሳምንት ይቆይ፤ መጀመሪያ የሚወጣው የአዲሱ ባለቤት እትም ፈቃዱን እንደገና ይጠይቅ። ይሄ ሁሉ ኮድ የሚችል ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው ብሎኛል ልጁ ራሱ።

እንዲህ ከተደረገ ዋጋው ይወድቃል ትሉኛላችሁ። በእርግጥ ይወድቃል። ከተጠቃሚው ገሚሱ ሊወጣ ይችላል። ወደ ዋናው ነገር የመጣነው አሁን ነው። በዝምታ ሲሸጥ የሚያወጣው ዋጋና በአደባባይ ሲሸጥ የሚያወጣው ዋጋ እኩል አይደለም። በአደባባይ የሚያወጣው የኮዱ፣ የድካሙ፣ የመልካም ዝናው ዋጋ ነው፤ ይህ የሠሪው ነው፣ ይብላው፣ አባቱንም ያሳክምበት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ከየት መጣ? ኮዱ ያው ነው። ድካሙ ያው ነው። ሰዎቹ ባለማወቃቸው ብቻ የተጨመረ ገንዘብ ነው፤ የጆንያው ዋጋ። ልማዱና እህሉ ተቀላቅለው አልለይ ሲሉ መለያው ወንፊት ይሄ ይመስለኛል።

ለገዢም ቢሆን ያው ነው። አነስተኛ ቅጥያ ገዝቶ አሻሽሎ፣ ተገቢ ክፍያ ጠይቆ የሚሠራ ሰው ሞልቷል፤ ነውር የለበትም፤ ቡሬ በርበሬ ነጋዴ የነበረ ሰው ሱቁን ለሌላ በርበሬ ነጋዴ እንደሚያስተላልፈው ነው። እንዲህ ያለው ገዢ ስሙ ቢነገር ምን ይጎድልበታል? ቀላውጦ ላልመጣ ሰው በሩን በይፋ መክፈት ክብር እንጂ ውርደት አይሆንም።

ልጁን አትሽጥ አላልኩትም። ከላይ ያልኩትን ነው የነገርኩት፤ ዝም ብሎ ሰማና ሄደ። በሳምንቱ የጻፈውን መልስ ላከልኝ። ለመሸጥ ፈቃደኛ ነኝ፤ አስቀድሜ ግን የድርጅታችሁን ስምና ቅጥያውን ምን ልታደርጉበት እንደምትገዙት ገጹ ላይ ለሁለት ሳምንት እለጥፋለሁ፤ ስማችሁን በትክክል ላኩልኝ፤ በዋጋውም ብትቀንሱ እንነጋገራለን። ያቺ «ብትቀንሱ» የምትለዋ ነገር አሳቀችኝ፤ ነጋዴ አይወጣውም።

መልስ አልመጣም። ሁለተኛ ጻፈላቸው፤ አሁንም የለም።

ከዚያ ቅጥያው ላይ አንዲት መስመር ጨመረ፤ የምትችሉ በወር 30 ብር በቴሌብር ክፈሉ፣ የማትችሉ እንደበፊቱ ተጠቀሙ። የከፈሉት ገና መቶ አልሞሉም። ባለፈው ሰሞን አንዱ የላከለትን አሳየኝ። «ሠላሳ ብር ልኬያለሁ። አሁን ‹ኧ›ን ለምን እንደማይጽፍልኝ ብታስረዳኝ» ይላል። እኔ ፊት ተቀምጦ ኮዱን ከፍቶ ማስተካከል ጀመረ። አባቱ ፈረስ ቤት ናቸው፤ በነጻ የሚያክም የዓይን ሐኪሞች ዘመቻ ይመጣል ተብለው ይጠብቃሉ። እሱ ደግሞ በዚህ አያያዙ እስከ ፋሲካ የግል ሐኪም ቤት ክፍያውን ግማሽ እንደሚያደርስ አስልቷል።